ዋንጫው በሜዳ፣ ቁልፉ በቢሮ

የስፖርት ሊግ ሁሉ በአንድ ቀላል ቃል ኪዳን ላይ ይቆማል። ከታች ያለው ካሸነፈ ይወጣል፤ ከላይ ያለው ከተሸነፈ ይወርዳል። ደጋፊ በዝናብ የሚሰለፈው፣ ተጫዋች በትንሽ ደመወዝ አውቶቡስ ውስጥ የሚያድረው፣ የትንሽ ከተማ ነጋዴ ለማልያ ገንዘብ የሚያወጣው ይህን ቃል አምኖ ነው።

ዛሬ የምናወጋው ይህ ቃል ለዓመታት ስለታጠፈበት ሊግ ነው፤ ስለ ስፔን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሁለተኛ ዲቪዚዮን። "በጉዳያችን መሀል የስፔን ቅርጫት ኳስ ምን ይሠራል?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን ከኳስም ያልፋል። ፈተናውን ያለፈ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ "ማለፍህ እውነት ነው፤ ነገር ግን መግቢያው ይህን ያህል ሚሊዮን ነው" ቢባል ምን ይሆናል? ታሪኩ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ቤት፣ አንድ ደረጃ

በስፔን ቅርጫት ኳስ ውስጥ ሁለት ቤቶች አሉ። የመጀመሪያው "ኤሲቢ" ይባላል። ትልልቆቹ ክለቦች እ.ኤ.አ. በ1982 ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ ከ1983 ጀምሮም የአገሪቱን ዋና ሊግ የሚመራው እሱ ነው። ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና የሚጫወቱበት፣ በአውሮፓ ካሉት የአገር ውስጥ ሊጎች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። ባለቤቱ ፌዴሬሽኑ አይደለም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ተጫዋቾቹ ክለቦች ናቸው።

ሁለተኛው ቤት የፌዴሬሽኑ ነው። ፌዴሬሽኑ በ1996 "ሌብ" የተባለውን ሁለተኛ ዲቪዚዮን አቋቋመ። በ2007 ይኸው ሊግ "ሌብ ኦሮ" ተባለ፤ "ኦሮ" ማለት ወርቅ ነው። ከሥሩ "ፕላታ"፣ ማለትም ብር፣ ነበረ። በ2024 ደግሞ ስሙ "ፕሪሜራ ፌብ" ተብሎ ተለወጠ። እኛ ለመግባባት ሌብ ኦሮ እያልን እንቀጥል።

ደንቡ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። አንደኛ የወጣው ሻምፒዮን በቀጥታ ወደ ኤሲቢ ያድጋል። ለሁለተኛዋ ቦታ ደግሞ ከሥሩ ያሉት ክለቦች በጥሎ ማለፍ ይፋለማሉ። በየዓመቱ ሁለት ይወጣሉ፤ ሁለት ይወርዳሉ።

ችግሩ ያለው ደረጃው ላይ ነው። ደረጃው የሚጀምረው በፌዴሬሽኑ ቤት ነው፤ የሚያልቀው ግን በክለቦቹ ማኅበር ደጅ ነው። ዋንጫውን የሚሰጠው አንዱ፣ በሩን የሚከፍተው ሌላው ነው። በሩን የሚከፍቱት ደግሞ አዲስ ሰው ቢገባ ድርሻቸው የሚቀንስባቸው፣ ባይገባ ግን ከመውረድ የሚድኑ ክለቦች ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀ ቦታ

በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊሲያ፣ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የምትባል ከተማ አለች። የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር ነው በሚባለው ካቴድራሏ ምክንያት ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ተሳላሚ በእግሩ የሚጎርፍባት ናት። ከካቴድራሉ ፊት ያለው አደባባይ "ኦብራዶይሮ" ይባላል። በ1970 የተመሠረተው የከተማዋ የቅርጫት ኳስ ክለብም ስሙን የወሰደው ከዚያው ነው።

በ1990 ኦብራዶይሮ ወደ ኤሲቢ ለማደግ ከሙርሲያ ክለብ ጋር ተጫውቶ ተሸነፈ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። ሙርሲያ ያሰለፈው አንድ አርጀንቲናዊ ተጫዋች በሐሰተኛ ሰነድ እንደ ስፔናዊ ተመዝግቦ እንደነበር ታወቀ። ኦብራዶይሮ "ቦታው የእኔ ነው" ብሎ ከሰሰ።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ክለቡ ከሰመ ማለት ይቻላል። ከፍተኛ ቡድን አልነበረውም፤ የቀረው ስሙና የክስ መዝገቡ ነበር። ክለቡን በፕሬዝዳንትነት ይዞ ጉዳዩን የተከታተለው ኾሴ አንኸል ዶኮቦ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። በሳንቲያጎ ዩኒቨርሲቲ መንትያ ከዋክብትን የሚያጠና ሰው ነው። አንድ ዙራቸውን ለመጨረስ አንዳንዴ መቶ ዓመት የሚፈጅባቸውን ከዋክብት መከታተል የለመደ ሰው የፍርድ ቤት ቀጠሮ ቢረዝምበት ብዙም አይገርመው ይሆናል።

ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ኦብራዶይሮም ተፈረደለት። ቦታውን በእጁ ያገኘው ግን በ2009 ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ! በ1990 ለዚያ ቦታ የተጫወቱት ልጆች ጎልማሶች ሆነው ነበር። ክለቡ ከዜሮ ቡድን ሰብስቦ ኤሲቢ ገባ፤ በመጀመሪያው ዓመት ወረደ።

እዚህ ላይ "ያው፣ አቅም አልነበረውም" ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ግን በማግሥቱ ዓመት፣ በ2011፣ ኦብራዶይሮ በሜዳ አሸንፎ ተመለሰ። በዚያው ከተማ ልጅ በአሠልጣኝ ሞንቾ ፈርናንዴዝ እየተመራም እስከ 2024 ድረስ ኤሲቢ ውስጥ ቆየ። አሥራ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። "አይችልም" የተባለው ክለብ ይኸው ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

ሁለተኛው ታሪክ የቡርጎስ ነው። ቡርጎስ በሰሜን ስፔን፣ በካስቲያ ሜዳ ላይ ያለች፣ 175,000 ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት ቀዝቃዛ ከተማ ናት። የአገሪቱ የመካከለኛው ዘመን ጀግና ኤል ሲድ አጽሙ ያረፈው በዚያው ካቴድራል ውስጥ ነው። የጀግናው ሰይፍ "ቲዞና" ይባል ነበር፤ በ1994 የተመሠረተው የከተማዋ ቅርጫት ኳስ ክለብም ይህንኑ ስም ያዘ።

ቲዞና በ2013 ወደ ኤሲቢ የማደግ መብት በሜዳ አገኘ። አልገባም። በ2014 ዳግመኛ አገኘ። አልገባም። በ2015 ለሦስተኛ ጊዜ አገኘ። አሁንም አልገባም። ሦስት ዓመት በተከታታይ የከተማው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፤ ሦስቱንም ዓመት ክረምቱ ሳያልቅ ደስታው በደብዳቤ ተሰረዘ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ምን ተጠየቀ? አዲስ ገቢ ክለብ በመጀመሪያ ለኤሲቢ የመግቢያ ክፍያ ይከፍል ነበር፤ ይህ ብቻውን ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነበር። ሁለተኛ፣ ለሚወርዱና ለሚወጡ ክለቦች በሚል ለተቋቋመ ፈንድ ተጨማሪ ያዋጣ ነበር። ሦስተኛ፣ በማኅበሩ ውስጥ ድርሻ ይገዛ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደመር 5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆን ነበር። ከዚያ ሌላ በ1990ው የስፖርት ሕግ መሠረት ክለቡ ወደ አክሲዮን ማኅበርነት መለወጥ ነበረበት። ቢያንስ 5,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽም ያስፈልገዋል።

የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ የዓመቱ ሙሉ በጀት ብዙውን ጊዜ ከዚያ የመግቢያ ክፍያ ያንሳል። ተጫዋች ሳይገዛ፣ አንዲት ኳስ ሳያነጥር፣ ከዓመት በጀቱ የሚበልጥ ገንዘብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አምጣ ይባላል ማለት ነው። ከዚህ በፊት አባል የነበረ ክለብ ደግሞ ሸክሙ ይቀልለታል። በ2014 ከቡርጎስ ጋር መብቱን ያገኘው አንዶራ ገባ፤ ቀደም ሲል በ1990ዎቹ እዚያው ሊግ ውስጥ የተጫወተ ክለብ ነው። እንግዳው ሙሉውን ይሸከማል፤ የቤት ልጅ ቀለል ይልለታል።

የሚያሳዝነው፣ ከተማዋ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የድሮውን የኮርማ ፍልሚያ ሜዳዋን አድሳ፣ ጣሪያ አልብሳ፣ ከ9,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ አዳራሽ አደረገችው። አዳራሹ የተከፈተው በ2015 ነው፤ ቲዞና ለሦስተኛ ጊዜ "አትገባም" የተባለበት ዓመት። ቤቱ ተሠራ፤ ሙሽራው ቀረ።

ቡርጎስ ብቻውን አልነበረም። በ2015 የኦውሬንሴ ክለብም መብቱን በሜዳ አግኝቶ በሩ ላይ ቀረ። በ2016 የሌብ ኦሮ ሻምፒዮን የሆነው ፓሌንሲያ ነበር፤ የጥሎ ማለፉ አሸናፊ ደግሞ ሜሊያ፣ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ያለችው የስፔን ከተማ ክለብ። ሁለቱም አልገቡም።

ታዲያ እነሱ ሲቀሩ ቦታው ምን ሆነ? የማድሪዱ ኤስቱዲያንቴስ በ1948 በአንድ የማድሪድ ትምህርት ቤት የተመሠረተ አንጋፋ ክለብ ነው። በ2012 በሜዳ ወራጅ ሆነ፤ ከታች የሚመጣው ስለጠፋ ሳይወርድ ቀረ። በ2016 እንደገና ወራጅ ሆነ፤ እንደገና ሳይወርድ ቀረ። ከላይ መሸነፍ ዋጋ አጣ፤ ከታች ማሸነፍም ዋጋ አጣ። ቃል ኪዳኑ በሁለቱም ጫፍ ተበጠሰ ማለት ነው።

የበረኞቹን ወገን እንስማ

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የኤሲቢንም ክርክር መስማት ተገቢ ነው፤ ባዶ ክርክር አይደለምና።

አንደኛ፣ "ይህን ሊግ የገነባነው እኛ ነን" ይላሉ። የቴሌቪዥኑ ውል፣ ስሙና ገበያው ከ1983 ጀምሮ ነባሮቹ በከፈሉት ገንዘብ የተሠራ ነው። ትናንት የመጣ ሰው የዚህ ንብረት እኩል ባለድርሻ ሲሆን ድርሻውን ይግዛ የሚለው ሐሳብ በንግድ ዓይን ስሜት ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ሳይደላደሉ የወጡ ክለቦች ሲፈርሱ ታይቷል። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተከፈለ ግብር፣ በመሀል የተዘጋ ክለብ ሊጉን ሁሉ ያዋርዳል። ከ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የስፔን ከተሞችና የቁጠባ ባንኮች ስፖንሰርነታቸውን ሲያቆሙ ስንት የታወቀ ስም ጠፍቷል። ስለዚህ "ዋስትና አምጣ" ማለት ጥንቃቄ ነው።

ሁለቱም ነጥቦች እውነት አላቸው። ነገር ግን ዋስትናና የመግቢያ ዋጋ አንድ ናቸው? ዋስትና ማለት ክለቡ ደመወዝ ባይከፍል ከተቀመጠው ገንዘብ ይከፈላል ማለት ነው፤ ገንዘቡ ለክለቡ መቆሚያ ይሆናል። የመግቢያ ክፍያው ግን ለነባሮቹ የሚሄድ ነው። ክለቡን ከመፍረስ አያድነውም። እንዲያውም የሚፈርስበትን ቀን ያቀርበዋል፤ ለተጫዋችና ለአዳራሽ የሚሆነውን ገንዘብ ገና በሩ ላይ ያስረክባልና። "እንዳትወድቅ ብዬ ነው" እያሉ ስንቅ መቀማት ይመስላል።

የ2017 ብይን

ቲዞና ጉዳዩን ይዞ ወደ ስፔን የገበያና የውድድር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሄደ። ኮሚሽኑ የስፖርት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የነዳጅ፣ የስልክና የባንክ ኩባንያዎች ተመሳጥረው ገበያ ሲዘጉ የሚቀጣ ነው። ጥያቄው በስፖርት ቋንቋ ሲጠየቅ "ደንባችን ነው" የሚል መልስ ነበረው። በገበያ ቋንቋ ሲጠየቅ ግን መልኩ ተለወጠ፤ ነባር ተፎካካሪዎች ተሰብስበው አዲስ ተፎካካሪ የሚገባበትን ዋጋ ራሳቸው መተመን ይችላሉ ወይ?

በሚያዝያ 2017 ኮሚሽኑ መልሱን ሰጠ። በሜዳ መብታቸውን ባገኙ ክለቦች ላይ የተጫነው ክፍያ ከመጠን ያለፈና አድሎአዊ ነው ብሎ ኤሲቢን 400,000 ዩሮ ቀጣው። ለሊጉ ይህ ትልቅ ገንዘብ አልነበረም፤ ከአንድ አዲስ ገቢ ከሚሰበሰበው እንኳ በእጅጉ ያንሳል። ክብደቱ በቃሉ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን የመንግሥት ስፖርት ምክር ቤትም ሁለቱን ቤቶች ለማስማማት እየሸመገለ ነበርና በሩ ገርበብ አለ።

በዚያው ዓመት በጋ ሁለት ክለቦች ገቡ። አንዱ ሻምፒዮኑ ጊፑስኮዋ ነው። ሁለተኛው የጥሎ ማለፉ አሸናፊ ሲሆን ከተማው… ቡርጎስ! ቲዞና ግን አይደለም። ከሦስተኛው እምቢታ በኋላ ቲዞና ከደረጃው ሲወጣ በ2015 በከተማዋ የተቋቋመ ሌላ ክለብ ነው፤ ሳን ፓብሎ ቡርጎስ። አሠልጣኙ የከተማው ልጅ ዲዬጎ ኤፒፋኒዮ ነበር። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ባዶ የቀረው አዳራሽ ባለቤት አገኘ።

በሩ ሲከፈት ማን ገባ?

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያዩ ሰዎች "አይችሉም" የሚለውን ቃል እንደገና ሳያስቡበት አልቀሩም።

ሳን ፓብሎ ቡርጎስ በገባ በሦስት ዓመቱ፣ በጥቅምት 2020፣ በአቴንስ ከተማ የአውሮፓ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ። በፍጻሜው ባለሜዳውን ኤኢኬን 85 ለ74 አሸነፈ። በየካቲት 2021 በቦነስ አይረስ የአርጀንቲናውን ኪምሳን 82 ለ73 ረትቶ የአህጉራት ዋንጫን ወሰደ። በግንቦት 2021 የአውሮፓውን ዋንጫ የቱርኩን ካርሺያካን 64 ለ59 አሸንፎ ደገመው። አሠልጣኙ ዦዋን ፔኛሮያ ነበር። ለሦስት ዓመት "የገንዘብ አቅም የላችሁም" የተባለችው ከተማ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ዓለም አቀፍ ዋንጫ ሰበሰበች።

አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይኸው ሌላ። በ2012 የሌብ ኦሮ ሻምፒዮን የነበረው ካናሪያስ ነው፤ የተነሪፌ ደሴት ክለብ። ያኔ ተሳክቶለት ገባ። በ2017 የመጀመሪያውን የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ አሸነፈ። በ2022 ደገመው። በዚያ የ2022 ፍጻሜ ተጋጣሚው ማንሬሳ ነበር፤ በ2018 ከሌብ ኦሮ በጥሎ ማለፍ የወጣው ማንሬሳ። ልብ በሉ፤ የአንድ አህጉር ዋንጫ ፍጻሜ በአሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ አገር ሁለተኛ ዲቪዚዮን በመጡ ሁለት ክለቦች መካከል ተደረገ።

ሌሎችም ተከተሉ። ብሬዎጋን በ2018 እና በ2021፣ ግራናዳ በ2022 ሻምፒዮን ሆነው ወጡ። በ2022 በጥሎ ማለፉ የወጣው ዢሮና የኤንቢኤ ሻምፒዮኑ ማርክ ጋሶል ራሱ የመሠረተው፣ በፕሬዝዳንትነት የመራውና በመጨረሻ ማልያውን ለብሶ የተጫወተለት ክለብ ነው። በ2016 በሩ ላይ የቀረው ፓሌንሲያም በ2023 በመጨረሻ ገባ። ሁለቴ ከመውረድ የተረፈው ኤስቱዲያንቴስ ደግሞ በ2021 እንደማንኛውም ተሸናፊ ወረደ።

ክፍት በር ገነት አይደለም

ታሪኩን እዚህ ላይ ብንዘጋው ያማረ ተረት ይሆን ነበር፤ እውነቱ ግን ይቀጥላል።

በ2020 ወረርሽኙ ውድድሩን ሲያቋርጥ የማደግ መብት ካገኙት ሁለት ክለቦች አንዱ፣ ቫያዶሊድ፣ ገንዘብ የለኝም ብሎ በራሱ ፈቃድ ቀረ። ማንም አልከለከለውም፤ ሒሳቡን ሠርቶ ነው። ፓሌንሲያ በ2023 ገብቶ በአንድ ዓመቱ ወረደ። ኦብራዶይሮም በ2024 ወረደ። የሁለት አውሮፓ ዋንጫ ባለቤቱ ሳን ፓብሎ ቡርጎስ ራሱ በ2022 ወረደ፤ ከሁለተኛው ዋንጫ በኋላ በአንድ ዓመት።

ይህ የበሩን መከፈት ስህተት ያደርገዋል? በእኔ እምነት ተቃራኒው ነው። ቡርጎስ ሲወርድ ሜዳ ላይ ተሸንፎ ነው። ደጋፊው አለቀሰ፤ ግን የሚወቅሰው ቢሮ አልነበረውም። ቡድኑን ወቀሰ፤ ትኬቱንም ገዛ። ሦስት ዓመት በታች ታግሎ በ2025 ሻምፒዮን ሆነና ተመለሰ። በ2015 የተሰማው ቁጣና በ2022 የተሰማው ሐዘን አንድ አይደሉም። ሐዘን ሰውን ለሚቀጥለው ዓመት ያዘጋጀዋል፤ መገፋት ግን ጨዋታውን እንዲተው ያደርገዋል።

ለዚህ ነው የቲዞናን መጨረሻ መንገር የምወደው። ክለቡ አልሞተም። ከታች ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወጣ፤ በ2024–25 የውድድር ዓመትም ሁለቱ የቡርጎስ ክለቦች በአንድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ተገናኙ። ሦስት ጊዜ በሩን ያንኳኳውና በተከፈተው በር የገባው ፊት ለፊት ቆሙ። ሳን ፓብሎ ያን ዓመት ወጣ፤ ቲዞና ከታች ቀረ። መንገዱን በከሳሽነት የጠረገው ክለብ እስካሁን አንድም ቀን ኤሲቢ ውስጥ አልተጫወተም።

እንግዲህ ትምህርቱ ምንድን ነው? ደረጃ መጠየቅ ስህተት አይደለም። አዳራሽ ይኑርህ፣ ደመወዝ ክፈል፣ ሒሳብህን አሳይ ማለት ተገቢ ነው፤ ያለ እሱ ሊግም፣ ገበያም፣ መሥሪያ ቤትም አይቆምም። ስህተቱ መመዘኛውን የሚያወጣው ሰው አመልካቹ ቢወድቅ የሚጠቀመው ሰው ሲሆን ነው። ያኔ መመዘኛው ማጣሪያ መሆኑ ይቀርና አጥር ይሆናል። አጥሩን ያጠረው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ "ለደኅንነት ነው" ይላል።

ስለዚህ የትም ቦታ፣ በስፖርትም ይሁን በንግድ ፈቃድ፣ በማኅበር አባልነትም ይሁን በሹመት፣ "መስፈርቱን አላሟላም" የሚል ቃል ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ። መስፈርቱን ያወጣው ማነው? ሰውየው ባይገባ ቦታው ለማን ይቀራል? ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ስም ከሆነ ዋንጫው የትም ይነሳ፣ ቁልፉ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ቸር እንሰንብት።